ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ

«ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ» የምንለው ሰው ልናሳፍር ስንፈልግ ነው። ስለ ውኃ ተጠይቆ ስለ መንገድ የሚመልስ ሹም፣ ስለ ዓድዋ ተጠይቆ ስለ መቅደላ የሚጽፍ ተማሪ፣ ሁሉም በዚህች ተረት ይገረፋል። የተረቱ ሰውዬ ዱላውን ወርውሮ የሳተ ነው፤ ፍየሏ እዚህ ቆማ ቅጠሏን ትቀነጥባለች፣ ዱላው ማዶ አቧራ ያስነሣል። እንስቃለን። እኔ ግን ተረቱን የፈጠረው ሰው ፍየል ጠብቆ ማወቁን እጠራጠራለሁ። ፍየል የጠበቀ ሰው የሚደነግጠው ቅዝምዝሙ ፍየሏ ላይ ካረፈ ነው።

ኒሯቅ ላይ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ከሰቆጣ ደጋ ተነሥቶ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ ሰው የሚደርስባት፣ የአበርገሌ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ቆላ ነው፤ ቁጥቋጦና ግራር የያዘው፣ ዝናብ የሚያጥረው፣ ከበሬ ይልቅ ፍየል የሚስማማው። የአበርገሌ ፍየል ራሷን የቻለች ዝርያ ተብላ በተመራማሪዎች መዝገብ ገብታለች፤ ከዋግ እስከ ተምቤን በተከዜ ግራና ቀኝ ትረባለች። ይህች ፍየል ገደሉ ላይ ናት፣ እረኛው ከታች ነው። ወደ ሰው ማሽላ ልትገባ አንገቷን ስታዞር ሮጦ አይደርስባትም። ስለዚህ ይወረውራል፤ የሚወረውረውም ልትሄድ ወዳሰበችበት ቦታ ነው። ድንጋዩ ከአፍንጫዋ ሁለት ክንድ ፈቀቅ ብሎ ከፊቷ ሲያርፍ ትደነግጣለች፣ ትመለሳለች። ከኋላዋ ካረፈ ይብሱን ወደ ማሽላው ትሸሻለች። ራሷን ካገኛት እግር ይሰበራል፣ ዓይን ይጠፋል። የዚህ ውርወራ ዒላማ እንግዲህ ከፍየሏ ገላ ውጭ ያለ፣ መሬት ላይ ያልተሰመረ፣ ከፍየሏ ሐሳብ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ነው። በልኩ መሳት ቢባል ያስኬዳል።

ከዚህ እረኛ ጎን ለጎን ላስቀምጠው የምፈልገው ሌላ ወርዋሪ አለ። ቨርጂኒያ ወይም ሚኒሶታ የሚኖር የአገራችን ሰው ጎረቤቱን በመከር ወራት ጎህ ሳይቀድ መኪናው ላይ ዕቃ ሲጭን አይቶት ይሆናል። ሰውየው አጋዘን አዳኝ ነው፤ የያዘውም ክሮስቦው ነው። ክሮስቦው እንደ ጠመንጃ ትከሻ ላይ ተደግፎ በቃታ የሚለቀቅ ቀስት ነው። አውታሩ አስቀድሞ ተስቦ ይቆለፋል፤ በሚተኮስበት ሰዓት ከአዳኙ የሚጠበቀው ማነጣጠርና ጣቱን ማጠፍ ብቻ ነው። በእጅ የሚሳብ ቀስት የሚጠይቀውን፣ በዓመታት ልምምድ የሚገኘውን ክንድ ይህ አይጠይቅም። በ1139 እ.ኤ.አ. በሮም የተሰበሰበው የላተራን ጉባኤ ቀስተኞችንና ክሮስቦው ተኳሾችን ክርስቲያን ላይ እንዳይተኩሱ አውግዟል። የሰማው ጥቂት ነው፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ አንበሳ ልቡ ራሱ በ1199 የሞተው በዚሁ መሣሪያ ቆስሎ ነው።

የዚህን አዳኝ ክረምት ሙሉ ሐሳብ የሚበላው ግን ቀስቱ አይደለም፤ የፍላጻው ጫፍ ነው። ለልምምድ የሚጠቀምበት ጫፍ እንደ ጥይት ሾጣጣ፣ ምላጭ የሌለው ነው። ለአደን የሚያስረው ደግሞ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ምላጭ ያለው ሰፊ ስለት ነው፤ የተለመደው 100 ግሬን፣ በእኛ ሚዛን 6.5 ግራም ገደማ ይመዝናል። ጥይት የሚገድለው በአብዛኛው በድንጋጤና በመሰባበር ነው፤ ፍላጻ የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው። ስለዚህ ስለቱ ምን ያህል ሰፊ፣ ምን ያህል ስል፣ ምን ያህል ጽኑ ይሁን የሚለው ጥያቄ፣ ያ እንስሳ በስንት ደቂቃ ይሙት የሚል ጥያቄ ነው። በሱቅ መደርደሪያ ፊት ቆሞ የሚወሰን መሆኑ ትንሽ ይዘገንናል። ቢሆንም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ይህን ያህል በረጋ ልብ የሚወስንበት ጊዜ የለውም።

ስለቶቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ቋሚ ነው፤ ምላጮቹ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንደተዘረጉ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ታጣፊ ነው፤ በአየር ላይ ምላጮቹን ሰብስቦ እንደ ልምምዱ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይበርና ገላ ሲነካ ይዘረጋል። የቋሚው ጣጣ ፊት ላይ ክንፍ መሆኑ ነው። ፍላጻን ቀጥ አድርጎ የሚመራው ከኋላው ያለው ላባ ነው፤ ሰፊ ምላጭ ከፊት ሲተከል ነፋሱ ጫፉን ይዞ መሪነቱን ከላባው ሊነጥቅ ይታገላል። ዘንጉ ጥቂት ከጠመመ፣ ወይም ስለቱ ከዘንጉ ጋር ቀጥ ብሎ ካልገጠመ፣ ፍላጻው ከታለመበት ይርቃል፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥርም ይብስበታል። ታጣፊው ከዚህ ሁሉ ይድናል። ግን ለመዘርጋት ከጉልበቱ ይከፍላል፤ አግድም አጥንት ሲያገኘው ይንሸራተታል፣ ወይም አንደኛው ምላጭ ሳይከፈት ይቀራል።

አዳኞች በዚህ ጉዳይ እንደ ሁለት ደብር ካህናት ይከራከራሉ። በጨዋታው የለሁበትም፤ አስፈርዱኝ ቢሉኝ ግን ለቋሚው እፈርዳለሁ፣ ምክንያቴም የበረራው ጉዳይ አይደለም። የቋሚው ስለት ጉድለት የሚታየው ልምምድ ላይ ነው። ዘንጉ ጠምሞ ከሆነ ፍላጻው ከሳር የተሠራው ዒላማ ላይ ስቶ ያጋልጠዋል፤ ማንም ሳይጎዳ ይታረማል። የታጣፊው ጉድለት ግን ልምምድ ላይ አይታይም። በሚገባ መከፈት አለመከፈቱ የሚታወቀው ሕያው ገላ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ስሕተቱን አስቀድሞ በራሱ ላይ የሚያሳይ መሣሪያና ስሕተቱን በሌላው ገላ ላይ ብቻ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ሁለቱም እኩል ሥጋ ቢያስገኙ እንኳ እኩል አይደሉም።

ስለቱ ተመርጦ ካለቀ በኋላ ደግሞ ጊዜ አለ። የዛሬ ክሮስቦው ፍላጻውን በሰከንድ ከ100 እስከ 120 ሜትር ያስወነጭፋል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አጋዘኗ 36 ሜትር ርቃ ብትቆም የአውታሩ ጩኸት በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ጆሮዋ ይገባል፤ ፍላጻው ግን፣ የፈጠነው እንኳ፣ ሦስት አሥረኛ ይፈልጋል። በመካከሉ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ አለ። ለሰው ምንም አይደለችም። ለመሸሽ የተፈጠረ እንስሳ ግን ዘልሎ ለመነሣት መጀመሪያ እግሩን አጥፎ ዝቅ ይላል፤ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ጀርባው ፍላጻው ከታለመበት በታች ሊገኝ ይችላል። ይህን ያወቀ አዳኝ ዝቅ አድርጎ ያነጣጥራል። ያን ጊዜ እሱም እንደ ኒሯቁ እረኛ ወደ ባዶ ቦታ እየወረወረ ነው። ልዩነታቸው፣ አንዱ እንስሳዋ ወደዚያ ነጥብ ትመጣለች ብሎ ሲወረውር ሌላው እንዳትመጣ ብሎ መወርወሩ ነው።

ባለፈው በጋ ኒሯቅ አጠገብ፣ ከደረቀ ወንዝ ውስጥ፣ አንድ እረኛ ልጅ ድንጋይ ሲመርጥ ቆሜ አይቻለሁ። ከጓደኞቹ ጋር በኽምጥኛ ይጯጯኻል፣ ለእኔ በአማርኛ ይመልሳል። ወንጭፉ ከቃጫ የተገመደ ነው፤ መካከሉ ላይ ድንጋዩ የሚቀመጥበት የቆዳ ቁራጭ ተሰፍቶበታል። አንደኛው ጫፉ ጣት የሚገባበት ቀለበት አለው፤ ሌላው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ተይዞ በሚለቀቅበት ሰዓት ይለቀቃል። ከአሸዋው ላይ ዓይን የሚገባ ነጭ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሥቼ ሰጠሁት። ገልበጥ አድርጎ አየውና ጣለው።

«ይሄን ንፋስ ይወስደዋል፣ ጋሼ።»

እሱ የሚያነሣው ወንዙ ያላገውን ሞላላ ነበር። እያንዳንዱን በመዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ የከበደውንም የቀለለውንም ይጥላል። መጨረሻ ላይ ጉያው ውስጥ የቀሩት ድንጋዮች መልካቸው ለየቅል፣ ክብደታቸው ግን እጅ የማይለየው ነበር። ነገሩ ገባኝ፤ ክንዱ አንድ ክብደት ብቻ ነው የሚያውቀው። ድንጋዩ ከተለዋወጠበት ትናንት የተማረው ውርወራ ዛሬ አይሠራለትም። አሜሪካዊው አዳኝም ስለቶቹን በሚዛን እየመዘነ የሚያመሳስለው ለዚሁ ነው። ጠፍጣፋው ድንጋይና ሰፊው ስለትም አንድ ናቸው፤ ፊቱ ላይ ገጽ ያለው ነገር ሁሉ ከነፋስ ጋር ድርድር ይገባል።

«ብትመታትስ?» አልሁት።

«ማንን? ፍየሏን?» ሳቀ። «ማታ ከአባቴ ጋር እንነጋገራለና!»

ከዚያ አዞረው፤ ወንጭፉ ሲለቅ ጮኸ። ልብ ያልሁት ነገር፣ ልጁ ፍየሏን አላየም። ድንጋዩን ነው የተከተለው፤ አቧራው እስኪነሣ ድረስ ዓይኑ ከእሱ አልተነቀለም። ፍየሏ ብትመለስ ባትመለስ ኋላም ይታያል። ድንጋዩ በየት በኩል እንዳዘነበለ፣ የት ላይ መውረድ እንደ ጀመረ የሚናገረው ግን አንዴ ብቻ ነው። ክሮስቦው የያዙትም ይህንኑ ዕይታ በገንዘብ ይገዛሉ፤ ከዘንጉ ኋላ ሲለቀቅ የምትበራ ትንሽ መብራት ይሰካሉ፣ በምሽት ጨለማ የፍላጻውን መንገድና የት ላይ እንደ ነካ ለማየት።

ድንጋይ መምረጥ በዚህ ምድር ላይ ረጅም ትምህርት ነው። ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ ገደሞታ ላይ፣ ከ279,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የባልጩት ጫፎች ተገኝተዋል። ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ በ2006 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት እነዚህ ጫፎች ተወርውረው ያገለገሉ መሆናቸውን አሳይተዋል። ያሳዩበት መንገድ ያስገርማል። ባልጩት ሲሰነጠቅ ስንጥቁ በሮጠበት መንገድ ላይ በማጉያ ብቻ የሚታዩ ጥቃቅን የማዕዘን ምልክቶች ይተዋል፤ የማዕዘኑ ስፋት ስንጥቁ ምን ያህል ፈጥኖ እንደ ሮጠ ይናገራል። ጦር ጨብጦ መውጋት የማያደርሰው ፍጥነት ከተገኘ ጫፉ እጅ ለቆ የሄደ ነው ማለት ነው። የወረወረው ሰው ከጠፋ፣ እንጨቱ ከበሰበሰ፣ የተመታው እንስሳ አፈር ከሆነ ከሁለት መቶ ሺህ ዓመታት በኋላ የበረራው ፍጥነት ድንጋዩ ላይ ተጽፎ ተገኘ። ውርወራን ተከትሎ መሄድ እስከዚህ ድረስ ይቻላል።

ወደ እኛ ክልል ደግሞ ይበልጥ የቀረበ አለ። መተማ ቆላ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር፣ 74,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሰፈር ተቆፍሯል። ጊዜው የታወቀው ሱማትራ ላይ የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ አመድ ውቅያኖስ ተሻግሮ እዚያ አፈር ውስጥ ወድቆ ስለተገኘ ነው፤ ከፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ቅንጣቶች። በ2016 ዓ.ም. «ኔቸር» ላይ ውጤቱን ያወጡት ጆን ካፕልማንና ጓደኞቹ፣ ከዚያ የተገኙት ትናንሽና ግራ ቀኛቸው የተመጣጠነ ባለ ሦስት ማዕዘን ጫፎች የፍላጻ ጫፎች መሆናቸውን ይሞግታሉ። ከተቀበልነው እስካሁን ከሚታወቁት እጅግ ጥንታዊ የቀስት ምልክቶች አንዱ የተገኘው የአማራ ክልል ቆላ ውስጥ ነው ማለት ነው። አየሩ ሲደርቅና ወንዙ ወደ ኩሬነት ሲቆራረጥ ሰዎቹ ዓሣ መብላት አብዝተዋል። እኔን ግን የያዘኝ የጫፎቹ መጠን ነው። የጦር ጫፍ የለመደ እጅ ጫፉን እንዲህ እንዲያሳንስ ያደረገው ምንድን ነው? ቀስት ከክብደት ይልቅ ፍጥነትን ይመርጣል፤ ትንሹ ጫፍ ግን በራሱ ብዙ አይጎዳም፣ ጠጋ ማለትን፣ መጠበቅን፣ ከተመታ በኋላም ተከትሎ መሄድን ይጠይቃል። ጫፉ ባነሰ ቁጥር ከውርወራው በኋላ ያለው ሥራ ይረዝማል።

(ጉሙዞች በዚያው ቆላ ቀስትን እስከ ዘመናችን አቆይተውታል። ደጋው ግን ከአደን አውጥቶ እቤት አስገብቶታል፤ እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበት ደጋን ፍላጻ የሌለው ቀስት ነው።)

ለመሆኑ ድንጋዩ ከወንጭፉ ከወጣ በኋላ የሚነዳው ማን ነው? ጥያቄው የሕፃን ይመስላል፤ ትልልቅ ጭንቅላቶችን ግን ሁለት ሺህ ዓመት አስጨንቋል። አርስጣጣሊስ፣ የሚንቀሳቀስን ነገር የሚያንቀሳቅሰው ሊነካው ይገባል ባይ ስለሆነ፣ እጅ የለቀቀውን ፍላጻ የሚገፋው አየሩ ነው አለ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አፄ ካሌብ አክሱም ላይ በነገሡበት ዘመን ገደማ፣ እስክንድርያ ውስጥ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የሚባል ሊቅ ተነሣበት። ፊሎፖኖስ የኬልቄዶንን ጉባኤ ካልተቀበሉት ወገን ነበር፤ በኋላ ስለ ሥላሴ በጻፈው ነገር ቢወገዝም። ክርክሩ እንዲህ ነው፤ የሚገፋው አየር ከሆነ አውታር ለምን አስፈለገ? ድንጋዩን ከእንጨት ጫፍ ላይ አስቀምጦ ከኋላው ያለውን አየር በፈለጉት መሣሪያ ቢያናውጡት ክንድ ያህል እንኳ አይርቅም። እውነቱ፣ አለ ፊሎፖኖስ፣ ወርዋሪው ለሚወረወረው አካል የሌለው ኃይል ያቀብለዋል፤ ፍላጻው የሚሄደው ያ ኃይል ከእሱ ጋር እስካለ ድረስ ነው።

ኢብን ሲና ይህን ሐሳብ አሰፋው፣ የፓሪሱ ቡሪዳን አደረጀው፣ በመጨረሻ ጋሊሊዮና ኒውተን ጣሉት። በኒውተን ሕግ የተለቀቀ ነገር የሚነዳው አያስፈልገውም፤ የሚያቆመው ነው የሚያስፈልገው። ከእጅ ከወጣ የማንም አይደለም። ፊዚክሱ የኒውተን መሆኑን የሚክድ የለም። ግን ወርዋሪ ሁሉ ኅሊናውን በኒውተን ሲያጽናና ያስቀኛል። «እኔ ቃታ ነው የሳብሁት፣» ይላል። የእኛም «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ከዚሁ ወገን ነው፤ ቃሉ ገደሉን ካለፈ በኋላ ባለቤት የለውም፣ ተናጋሪው ዳር ቆሞ ያዝናል። ፊሎፖኖስ በፊዚክስ ተሸንፎ በሌላው ነገር አልተሸነፈም እላለሁ። ወርዋሪው ያቀበለው ነገር አለ፤ ያ ነገር ፍላጻው እስኪቆም ድረስ ብቻ ሳይሆን ከቆመም በኋላ የእሱ ነው። ልጁ «ማታ ከአባቴ ጋር» ያለው ይህንኑ ነው፤ ድንጋዩ ከእጁ ወጥቷል፣ ነገሩ አልወጣም።

ይህን ነገር ያሰቡበት ፈላስፎች ብቻ አይደሉም፤ የአገራችን ሥጋ ቤትም አስቦበታል። ደገኛው ክርስቲያን ሳይታረድ የሞተን እንስሳ በክት ነው ብሎ አይቀምስም፤ ፍትሐ ነገሥትም ይከለክላል። ስለዚህ ድኩላ የመታ አዳኝ እንስሳው ሳይሞት ደርሶ በስመ አብ ብሎ ማረድ አለበት። ልብ ብለን ብናየው ይህ ሕግ የአደንን ነገር ከሥሩ ይገለብጠዋል። ጥይቱም ሆነ ጦሩ የመግደል መብት የላቸውም፤ መብታቸው ማስቆም ነው። መግደል ለቢላዋ ተጠብቋል፣ ቢላዋ ደግሞ ክንድ ከሚደርስበት አይርቅም፤ አንገቱን ሳይዙት፣ ዓይኑን ሳያዩት፣ የእግዚአብሔርን ስም ሳይጠሩበት አይሆንም። እጅግ ጥሩ ተኳሽ፣ በአንድ ጥይት ባለበት ያስቀረ፣ ሥጋውን ያጣል። አሜሪካዊው አዳኝ ክረምቱን ሙሉ የሚመርጠው ፈጥኖ የሚገድል ስለት ለእኛ አዳኝ ጉዳት ነው።

እስልምናው በሌላ መንገድ ሄዷል፤ በእኔ ዓይን ከሁሉ ይልቅ የጠለቀው እሱ ነው። ዐዲይ ኢብን ሐቲም የሚባለው ሰሓባ አዳኝ ነበርና ነቢዩን ስለ አደን ደጋግሞ ጠይቋል፤ መልሶቹ በሐዲስ መጻሕፍት ተመዝግበዋል። የአላህ ስም የሚጠራው ፍላጻው በሚለቀቅበት ጊዜ ነው፤ ማለትም ስሙ ከስለቱ ጋር አብሮ ይበራል። ነገር ግን የተወረወረው ዘንግ በስለቱ ወግቶ ከገደለ ሥጋው ይበላል፤ በጎኑ መትቶ፣ በክብደቱ ቀጥቅጦ ከገደለ አይበላም። ስለዚህ የጫፍ ምርጫ የሱቅ ጉዳይ ሳይሆን የሐላልና የሐራም ጉዳይ ነው። እንስሳው ቆስሎ ተሰውሮ በማግስቱ ቢገኝ፣ ከዚያ ፍላጻ በቀር ሌላ ቁስል ከሌለበት ይበላል። ውኃ ውስጥ ወድቆ ከተገኘ ግን አይበላም፤ ፍላጻው ይግደለው ውኃው ይግደለው አይታወቅምና። አዳኙ የሚጠየቀው መምታቱን ብቻ አይደለም፤ ሞቱ በእርግጥ የእሱ መሆኑን ማወቅ አለበት። ለማወቅ ደግሞ መሄድ፣ ማግኘት፣ ገላውን አገላብጦ መመርመር ግድ ነው።

የዛሬው ባለ ፍላጻ አዳኝም ከዚህ አያመልጥም። የመጀመሪያ ሥራው ፍላጻውን ማግኘት ነው፤ ብዙ ጊዜ ገላውን ሰንጥቆ አልፎ መሬት ላይ ተተክሎ ይገኛል። ያነሣውና ያነበዋል። ዘንጉ ላይ ያለው ደም ደማቅ ሆኖ አረፋ ካለበት ሳምባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይከተላል። ጠቆር ያለ ከሆነ ጉበት ነው፤ ሰዓታት መጠበቅ አለበት። አረንጓዴ ነገር ከያዘና ከሸተተ አንጀት ወይም ጨጓራ ነው፤ ያን ጊዜ ስምንትም አሥራ ሁለትም ሰዓት ይታገሣል፤ ወዲያው ከተከተለ እንስሳዋ ከተኛችበት ተነሥታ እስከማትገኝበት ትሸሻለች። ያደረገውን ክፉ ሥራ ዘንጉ ላይ እያየ፣ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ሌሊቱን ማሳለፍ ማለት ነው። ስለ ፈጣን ፍላጻና ስለ ስል ምላጭ የሚነገረው ወሬ ሁሉ ስለዚህ ሌሊት አይናገርም። ሲነጋ ጎንበስ ብሎ ከቅጠል ወደ ቅጠል የደም ጠብታ ይፈልጋል። የመጨረሻውን ጠብታ ባገኘበት ምልክት ያስራል፣ ከዚያ እየዞረ ክቡን ያሰፋል። መቼ ያቁም? የሚለካለት የለም።

ኒሯቅን አንሥቼ ስለ ተወርዋሪ ነገር ስጽፍ ስለ ጦርነቱ ዝም ብል ግን ፌዝ ይሆንብኛል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው የሰሜኑ ጦርነት የአበርገሌና የጻግብጂ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ ሰቆጣና ዙሪያዋ ተጠልሏል፤ ፍየሉን ጥሎ። የዚያ ጊዜ ተወርዋሪ በሰው ዓይን የሚከተሉት አይደለም። መድፍ የሚተኩስ ሰው ተራራ ማዶ ነው፤ የሚያየው ካርታ ነው። ያረፈበትን ሄዶ አያነብም፣ የማንን ሞት እንዳመጣ አያጣራም፣ ማታ ከአባቱ ጋር የሚነጋገርበት ነገር የለም። ጦርነቱ ባለፈባቸው የትግራይ፣ የአማራና የአፋር ቦታዎች ያልፈነዱ ተተኳሾች ቀርተዋል። የዐዲይ ኢብን ሐቲም ጥያቄ እዚህ ጋ መልስ ያጣል፤ ተወርውሮ ያልደረሰ፣ ወርዋሪው የረሳው፣ ሞቱ ገና ያልመጣ ነገር የማን ነው?

መጀመሪያ የሚያገኘውም ድንጋይ የሚመርጥ ልጅ ነው። በመዳፍ ልክ የሆነ፣ ሞላላ፣ ክብደቱ ደስ የሚል ነገር ሁሉ ለእሱ የሥራ ዕቃ ነው። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ «አትንኩ» የሚል ሥዕል ይለጠፋል፤ ጥሩ ነው። ግን እጁ ለመምረጥ የሠለጠነውን ልጅ እጅህን ሰብስብ ማለት ጥበቡን ጣል ማለት ነው።

ተወርዋሪውን በመጨረሻ ተከትሎ የሚሄደው ፈንጂ አምካኙ ነው። የወረወረው እሱ አይደለም። አንድ ሜትር የምትሰፋ መስመር አስምሮ በግራ በቀኝ እንጨት ይተክላል፤ የብረት መጠቆሚያውን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ እያወዛወዘ ጥቂት በጥቂት ይገፋል። ሲጮህለት ተንበርክኮ በመውጊያው ከጎን በኩል፣ አጋድሞ፣ አፈሩን ይፈትሻል፤ ቀጥ አድርጎ ከላይ ቢወጋ ሊጫነው ይችላልና። ከአፈሩ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሚስማር፣ የጣሳ ቁራጭ ወይም የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ነው። አስቀድሞ ማወቅ ስለማይችል ለቀለሁም ለቦምቡም የሚንበረከከው እኩል ነው፤ ያንን ያነሣና መስመሩ ላይ ቀጣዩን ጩኸት ይፈልጋል።